ከወይራ ዘይት ያወጣሁት መድኃኒት

እናቴን በገዛ እጄ መርዤ ገድያታለሁ ብዬ ያመንኩበት አንድ ቅዳሜ አለ። ጠዋት ነቀምቴ ውስጥ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ አኖ ከተማ፣ አክስቴ ቤት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። ደርግም ሄደ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ታሪኩን ግን እስከ ዛሬ ለማንም በሙሉ አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩ ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነቀምቴ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ሰው በአክብሮት አዴ ጫልቱ ይላታል፤ እኔ ደግሞ በኦሮምኛችን ሃርሜ እላታለሁ፣ እማዬ እንደማለት ነው። ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው። እኛ ቤት ጠላ አይጠመቅም፣ ጠጅ አይገባም፣ አረቄማ ስሙም አይነሳም። ሰርግ ቤት ስንጠራ ሃርሜ ብርጭቆዬን መጀመሪያ አሽትታ ነበር የምትሰጠኝ። ስለዚህ በዚያ ዕድሜዬ የሰልፈሪክ አሲድን ጠባይ አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ የአረቄን ጣዕም ግን አላውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። ምእመኑ አምስትም ስድስትም እየሆነ በየሰው ቤት ተደብቆ ይጸልያል፤ የተያዘ ይታሰራል። ሃርሜ ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል። ከወንበር ስትነሳ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ ፊቷን አዙራ ነው የምትነሳው፤ እንዳላያት ብላ። ጸሎት ሲባል ግን አኖም ቢሆን፣ አርጆም ቢሆን ትሄዳለች።

የሁሉም ነገር መነሻ አንድ ጣሳ የወይራ ዘይት ነው። ገበያው አጠገብ ጋሽ ሽኩር የሚባል ከጉራጌ አገር የመጣ ባለሱቅ አለ፤ ደግ ሰው። ክሊኒክ የነበራቸው ፈረንጆች አገር ለቀው ሲሄዱ የመጋዘናቸውን ዕቃ የወሰደው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሸጥለት ዘይቱን የሚነካ ጠፋ። ኑግ ዘይት የለመደ ሰው ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል፤ መራራ ነው፣ ሲውጡትም ጉሮሮ ይይዛል። ጋሽ ሽኩር አንድ ቀን ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርዶ ውሰጂልኝ፣ ቦታ ነው የያዘብኝ አለኝ።

እነዚያው ፈረንጆች ትተውት የሄዱት የመድኃኒት ቅመማ መጽሐፍ ደግሞ እኛ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ውስጥ እንዳነበብኩት ዘይቱን መራራ የሚያደርገውና ጉሮሮ የሚይዘው ነገር ከዘይቱ ሊወጣ ይችላል፤ ለሕመምና ለእብጠትም ደግ ነው ይባላል። ጉሮሮ መያዙ ራሱ የዚያ ነገር ምልክት ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ የሃርሜ ጉልበት ነው።

መጽሐፉ ለማውጣቱ የሚያዘው ሜታኖልና ሄክሴን ነው። አንደኛው ዓይን ያጠፋል፣ ሁለተኛው ሰውም ያሳምማል፣ ቤትም ያቃጥላል። ደግሞ የእኛ መጋዘን ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ስለዚህ አሰብኩ፤ ትንሽ እንኳ ቢቀርበት ሰው የማይጎዳ ነገር መሆን አለበት። ውኃ። ውኃ ብቻውን አልሆን አለኝ። እንግዲያው ውኃና አረቄ። ዛሬ ወጣቶቹ ኬሚስቶች አረንጓዴ አሟሚ፣ ሰውም አካባቢም የማይጎዳ እያሉ የሚያወሩለትን ነገር እኔ በችጋር ደረስኩበት፤ በጣምም ኮራሁ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከእኔ በላይ ኮሩ። በአገር ምርት የተሠራ ነው ተብሎ ለአብዮቱ በዓል አውደ ርዕይ ይቀርባል አሉኝ።

አረቄውን ያመጡልኝ የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከጎጃም መጥቶ እዚህ የሰፈረ። ለቤተ ሙከራ ነው አልኳቸው። አንዴ ብልም ይበቃ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አልኳቸው።

«እኔ ምን ወጣኝ የኔ እመቤት» አሉና ጠርሙሱን በነጠላቸው ሸፍነው አቀበሉኝ።

አሠራሬ ይህ ነበር። አንድ የግሉኮስ ጠርሙስ ከነቱቦው ዘቅዝቄ ሰቀልኩ። ዘይቱን፣ አረቄውንና ውኃውን ጨምሬ ደህና አድርጌ ናጥኩት፤ ከዚያ ተውኩት። ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የውኃና የአረቄው ድብልቅ ምሬቱን ይዞ ከታች ይቀራል። በቱቦው በኩል የታችኛውን ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። መጽሐፉ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሻል ስለሚል እሳት ላይ አልጣድኩትም፤ ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሼ፣ ሻሽ አልብሼ መስኮት ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ አረቄው በኖ አልቋል ብዬ ደመደምኩ። እንዴት አረጋገጥሽ ብትሉኝ በማሽተት ነው። ክፍሉ በሙሉ አረቄ አረቄ እያለ፣ አፍንጫዬም ለምዶት ሳለ ማለት ነው። የግንቦት ዝናብና ብርድ መሆኑን ደግሞ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ለሃርሜ ሰጠኋት። ከወይራ ዘይት ያወጣሁት መድኃኒት ነው፣ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ማንኪያ አልኳት። በምን እንዳወጣሁት አልነገርኳትም። ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ወሰደች። ዓርብ ጠዋት ጉልበቴን ሞቀኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ ስትለኝ ልበር ምንም አልቀረኝ። ቅዳሜ በማለዳ ለጸሎት አክስቴ ብሪቱ ጋ ወደ አኖ ልትሄድ ስትነሳ ጠርሙሱን ራሴ ቅርጫቷ ውስጥ ከትቼ ሁለት ሁለት ማንኪያ አድርጊው አልኳት።

እኔ ወደ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። በየትኛው መጠን ብደባልቅ ብዙ መድኃኒት እንደሚወጣ ማወቅ ፈለግሁ። ሌላ መለኪያ የለኝም፤ መለኪያዬ ምላሴና ጉሮሮዬ ነው። ዓርብ ስድስት ዓይነት ድብልቅ ሠርቼ እንደ ፊተኛው መስኮት ላይ አሳድሬ ነበር፤ የአረቄው መጠን እየጨመረ የሚሄድ። እያንዳንዱን በማንኪያ ቀምሼ ምሬቱን፣ ጉሮሮ መያዙን ደብተሬ ላይ ነጥብ እሰጣለሁ። መጀመሪያ እተፋው ነበር። ነገር ግን ጉሮሮ መያዙ የሚታወቀው ሲዋጥ ነው፤ ስለዚህ ዋጥኩ። ቁርስ ደግሞ ለጸሎት ብዬ አልበላሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አንድ ነገር ቀምሳችሁ፣ አይታችሁ ፍረዱ ስላችሁ መጀመሪያ ባዶውን ፈትኑ እላቸዋለሁ። ባዶው ማለት ዘይት ያልነካው አረቄና ውኃ ነው። ያን ቀንም አልረሳሁትም። ባዶውን ቀድቼ፣ ማንኪያውን እስከ ከንፈሬ አደረስኩና መለስኩት። ይህማ አረቄ መጠጣት ነው። ዘይት የነካው ግን ሙከራ ነው። እግዚአብሔር ይህን ልዩነት እንደሚያይልኝ አልተጠራጠርኩም።

ውጤቱ እንዴት አማረ መሰላችሁ። አረቄ በጨመርኩ ቁጥር ጉሮሮ መያዙ ይጨምራል፤ አንድም ያፈነገጠ የለም። ደስ ስላለኝ ደገምኩት፣ ከዚያም ሠለስኩት። አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ነከስኩት፣ አላመመኝም። የተሰቀለው ጠርሙስ ሁለት ሆነ። ልነሳ ስል ወለሉ ቀድሞኝ ተነሳ። ደግሞ ምንም ሳይኖር ሳቅ መጣብኝ፤ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ በሳቄ ደነገጥኩ።

ተመረዝኩ። ሌላ ነገር በፍጹም አልመጣልኝም። አረቄው እንደሆነ በኗል፤ የቀረው ከዘይቱ የወጣው ነው። ጣሳው ስንት ዓመት እንደቆየ አላውቅም፣ የጣሳው ብየዳ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ብቻ ነርቭ የሚነካ ነገር ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለኝ፤ መስመሩ ዳገት ይወጣል። ከዚያ ቅርጫቱ ትዝ አለኝ። ሁለት ሁለት ማንኪያ።

ወደ መናኸሪያ እንዴት እንደደረስኩ በደንብ አላስታውስም። ለሐኪም ናሙና ይሆናል ብዬ የቀረውን ሁሉ ባንድ ጠርሙስ ገልብጬ ይዣለሁ። በአኖ የሚያልፈው የባኮ አውቶቡስ ሊወጣ ሲል ደረስኩና ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትንሽ ቆይተው ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ተነስተው ኋላ ሄዱ። የሚሞት ሰው ይሸታል ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ኬላው ላይ ወታደሩ መታወቂያዬን ገልብጦ ያዘና አየኝ፣ ለሾፌሩ የሆነ ነገር አለው፣ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። በእኔ ሞት የሚሳቀው ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

የሳይንስ ሰው ነኝና በመንገድ ላይም ሥራዬን አላቆምኩም። እየተሻለኝ የመጣ ሲመስለኝ፣ መርዙ እውነት ከጠርሙሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ጎንጨት እላለሁ። ወዲያው ይመለሳል። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሃርሜ ከሞተች እኔም ብሞት ግድ የለኝም የሚል ነገር ነበረበት፤ ያን ያህል ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ጉልበቷን ይዛ ስትነሳ ፊቷን የምታዞረው አዟዟር እየመጣ ዓይኔ ላይ ይቀመጣል።

አኖ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ያካፋል። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። አክስቴ ብሪቱ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ውስጥ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። አምስት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሃርሜ፣ አክስቴ፣ ከሁሉ ይልቅ ጽኑ የምትባለው አዴ ዲንቄ፣ ሌሎች ሁለት። ሃርሜ በሕይወት አለች።

«አትጠጪው» አልኳት። «መርዝ ነው። ገደልኩሽ፣ ሃርሜ።»

ሃርሜ እጇን ጭኗ ላይ ተክላ ተነሳች፤ ያን ቀን ፊቷን አላዞረችም። መጣችና አገጬን ይዛ አፌን አሸተተች፣ ልክ ሰርግ ቤት ብርጭቆዬን እንደምታሸተው።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ልጄ ማለቷ ነው። «ስንት ማንኪያ ወሰድሽ?»

ብዙ፣ አልኳት። ለሙከራ ነው፣ አልኳት። ልስቅ ፈለግሁ፣ አለቀስኩ። ከንፈሬን እንድትነክስልኝ ለመንኳት መሰለኝ። እዚህ ላይ እያለን ነው ከሁለቱ ሴቶች አንዷ፣ ተነስታ በመስኮቱ ቀዳዳ ታይ የነበረችው፣ ዞር ያለችው። የቀበሌው ጥበቃ ወደዚህ እየመጣ ነው፣ ጠመንጃ ይዟል አለች።

መጽሐፍ ቅዱሱ ከአክስቴ እጅ ወደ ኑግ ጆንያ ገባ፤ ኑጉ ተመልሶ ተከደነበት። ግን አምስት ሴቶች መስኮት ዘግተው ምን ይሠራሉ? አክስቴ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታስራ የተፈታች ናት፤ ሁለተኛ ከተያዘች የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። እኔ ጥበቃ የተባለው ሰውዬ ሐኪም መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሃርሜ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው። ቡሹን በጥርሷ ነቀለች። ከዚያ፣ በሕይወቴ አይቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ፤ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ ተጎነጨች፤ ሳይሰቀጥጣት፣ እንደለመደ ሰው። ወደ አክስቴ አሻገረችው። አክስቴ አየቻትና ጠጣች። ሁለቱም ሴቶች ጠጡ። አዴ ዲንቄ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን አዞረች። ሃርሜ ምንም ሳትላት ጠርሙሱን አዘንብላ ነጠላዋ ላይ አፈሰሰችባት። አዴ ዲንቄ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ ሳታሰማ። እኔ መርዝ ነው ብያችሁ የለም እያልኩ እጮሃለሁ።

«ጨሊሲ» አለችኝ ሃርሜ። ዝም በይ።

ጥበቃው በሩን ከፍቶ ቆመ። አካም ጅርቱ አለ፣ መጀመሪያ እንደ ጎረቤት ሰላምታ ሰጥቶ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛው ዞረ፤ ጴንጤዎች እዚህ ተሰብስበዋል የሚል ጥቆማ ደርሶናል አለ። ቃሉን ሳይጨርስ አፍንጫው ሲነፋ አየሁት። የአዴ ዲንቄን ነጠላ አየ። ጠርሙሱን አየ። እኔን አየ። እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሄጄ ክንዱን ያዝኩትና ጓድ፣ አንተ እንኳ እንዳትጠጣ፣ መርዝ ነው አልኩት።

«ይቺማ ደህና አድርጋ ለብሳዋለች» አለና እኔን በአገጩ እያሳየ ሳቀ። «ምን ተገኘ እናቶች?»

«ልጄ ከነቀምቴ መጥታልኝ ነው» አለች ሃርሜ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ውሸትም አልነበረበትም።

ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበለና ቀመሰው። ልክ እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደማደርገው ምላሱ ላይ አንከባለለው፣ ዋጠው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱን አጨማደደ።

«አረቄው ደህና ነው» አለ። «ሌላ የሚመር ነገር ግን አለበት። ወደ ኋላ ቆይቶ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ምን ጨመራችሁበት?»

«የወይራ ዘይት ነው» አልኩት እኔ።

«እሱ ነው ያበላሸው» አለ። አረቄ የሚጠጣ ጴንጤ እስከ ዛሬ አላየሁም፣ የጠቆመው ሰው የማያውቀውን ነው የሚያወራ ብሎ፣ እየሳቀ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

እስኪርቅ ድረስ በመስኮቱ ቀዳዳ አየነው። ከዚያ አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሃርሜ እኔን አልጋ ላይ አስተኝታ ጫማዬን አወለቀችልኝ። ስካር ነው፣ ልጄ፣ ሌላ አይደለም፣ ተኝተሽ ስትነሺ ይለቅሻል አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«እናቴ አርጆ ውስጥ አረቄ አውጪ ነበረች» አለች። «ጌታን እስካገኝ ድረስ በእሱ ነው ያደግሁት። ያንቺን ገና ሐሙስ ዕለት ስከፍተው አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወሰድሽ?»

«መድኃኒት ነው አልሽኝ። ሳታውቂ ሠርተሽው ከሆነ እንዳትደነግጪ ብዬ፣ አውቀሽ ከሆነም ምክንያት ይኖራታል ብዬ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴማ ቀሎኝ ነበር። በዘይቱ ይሁን በአረቄው እንጃ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

እኔም እንጃ። ዛሬም እንጃ ነው የምለው። ያ ቀን በእኔ ላይ ያደረገውን ለመናገር ስሞክር ሁልጊዜ ይምታታብኛል። የሳይንሱን ልንገራችሁ፤ እሱ ቀላል ነው። ያን ሁሉ ማንኪያ ቀምሼ የለካሁት አረቄን ነበር። አንድ ማንኪያ ባዶውን አልቀምስም ብዬ፣ አሥራ ስምንት ማንኪያ ጠጣሁ። በዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ትክክለኛው መለኪያ ጥበቃው ነው፤ አረቄን በደንብ ስለሚያውቅ ከአረቄው ሌላ ያለውን ለይቶ ነገረኝ። መራራው ነገር በእርግጥ ከዘይቱ ወጥቶ ነበር። በኋላ ወይዘሮ ዘርፌን ለመንኳቸውና እሳቸው እየቀመሱ እንደገና ሠራሁት፤ ሰንጠረዡ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ለአውደ ርዕዩ የላክሁት የሳቸውን ነው። እናንተም የማታውቁትን ነገር የማታውቁት ስለተጸየፋችሁት ከሆነ፣ ቢያንስ ሌላ ነገር ውስጥ ተቀላቅሎ ሲመጣ አውቀዋለሁ አትበሉ።

ሌላው ግን ቀላል አይደለም። አዴ ዲንቄ ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን አልመጣችም። ገበያ ላይ ሃርሜን ስታያት መንገድ ትቀይራለች። ሃርሜ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። አድኛታለሁ አላለችም፤ በድያታለሁም አላለችም።

ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት፣ በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ባንዱ፣ በስደቱ ጊዜ የሆነውን መመስከር የሚፈልግ ይቁም ተባለ። ስንቱ ተነስቶ እንዴት እንደታሰረ፣ እንዴት እንደጸና ተናገረ። ከዚያ ሃርሜ እጇን ጭኗ ላይ ተክላ ተነሳች። አንድ ጠርሙስ አረቄ ነበረኝ አለች። እኔም ጠጣሁ፣ እህቶቼንም አጠጣሁ፣ ያልፈለገችውንም አለበስኳት፤ የፈራሁት ለእነሱ ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ይቅር በሉኝ። ሃርሜ ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷ አልታዘዝ አላት፤ እዚያው በቆመችበት ቀረች። አዴ ዲንቄ ናት ከወዲያኛው ረድፍ ተነስታ መጥታ፣ ብብቷን ደግፋ ያስቀመጠቻት።

እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። መነሳት ነበረብኝ። መምህርት ነኝ፣ ተማሪዎቼ ከኋላዬ ተቀምጠዋል ብዬ እግሬን አልነቅልም አልኩ። ሃርሜም ወደ እኔ አልዞረችም፤ ወደ ቤት ስንሄድም ስለ ዝናቡ ነው ያወራችው። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ይኸው አሁን ተነስቻለሁ፤ ያ ጠርሙስ የእኔ ነበር።